ከሞተ በኋላ አልበም ያወጣው የረግረግ ዘፋኝ፦ የቶኒ ጆ ዋይት ነገር

ቶኒ ጆ ዋይት የሞተው በኦክቶበር 2018 ነው። «ስሞክ ፍሮም ዘ ቺምኒ» የተባለው አልበሙ የወጣው ደግሞ በሜይ 2021 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አልበሙ ላይ ድራም አለ፣ ቤዝ አለ፣ ፒያኖ አለ፣ ቫዮሊን አለ። ሙሉ ባንድ ነው። ሰውዬው ግን እነዚህን ዘፈኖች ከዚያ ባንድ ጋር አንድም ቀን አልተጫወታቸውም። ባንዱ ስቱዲዮ ሲገባ እሱ በሕይወት አልነበረም።

ይሄ እንዴት ይሆናል? መልሱ ትንሽ ቴክኒክ፣ ትንሽ ሕግ፣ ብዙ ደግሞ የሰው ታሪክ አለበት። ከታሪኩ ልጀምር።

እኔ ቶኒ ጆ ዋይትን ሳላውቀው ነበር የማውቀው። «ሬይኒ ናይት ኢን ጆርጂያ»ን ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። ዝናብ ሲዘንብ የሚከፈት ዘፈን ነው። የብሩክ ቤንተን ነው ብዬ ነው የኖርኩት። የቲና ተርነርን «ስቲሚ ዊንዶውስ» ሰምቻለሁ። ኤልቪስ «ፖልክ ሳላድ አኒ»ን መድረክ ላይ ሲዘፍን አይቻለሁ። ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው መሆኑን ያወቅኩት ግን በጣም ዘግይቼ ነው፣ ያ ከሞተ በኋላ የወጣው አልበም እጄ ሲገባ። ደነገጥኩ ብል ማጋነን አይደለም። እኛ አገርም የዘፋኙን ስም ሁሉም ያውቀዋል፣ ግጥምና ዜማው የማን እንደሆነ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የካሴቱ ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይቀራል። ቶኒ ጆ ዋይት ዕድሜውን በሙሉ እዚያ ደቃቅ ፊደል ውስጥ ነው የኖረው።

የተወለደው በ1943 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሉዊዚያና፣ ኦክ ግሮቭ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። ቤተሰቡ ጥጥ አምራች ነበር። ሰባት ልጆች ነበሩ፣ እሱ የመጨረሻው ነው። ቤት ውስጥ ጊታር የማይነካ አልነበረም። እሱን ግን ሙዚቃ እምብዛም አልሳበውም ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ የብሉዝ ዘፋኙን የላይትኒን ሆፕኪንስን ሸክላ ይዞ እስኪመጣ ድረስ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ መሬት የሚመታ እግር። ልጁ እዚያው ቀረ።

አሁን የእሱ ሙዚቃ የሚጠራበት «ስዋምፕ ሮክ» ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ስዋምፕ ረግረግ ነው። ሉዊዚያና ውሃው ከመሬቱ ጋር የተቀላቀለ አገር ነው። ዛፉ ውሃ ውስጥ ይበቅላል፣ አዞ አለ፣ እርጥበቱ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ አካባቢ የወጣው ሙዚቃ የጥቁሮቹን ብሉዝና ሶል ከነጮቹ የገጠር ዘፈን ጋር ቀላቅሎ ያዘ። ምቱ ከባድና ዝግ ያለ ነው። ጊታሩ ወፍራም ድምፅ አለው፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው። ዘፋኙ ግማሹን ያወራል፣ ግማሹን ይዘፍናል። የሚዘፍነው ደግሞ ስለ ሰው ነው፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ። ስሙ ግን ቦታን ብቻ አያመለክትም። በዚህ ስልት በጣም የታወቁት ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል ከካሊፎርኒያ ናቸው፣ ከረግረጉ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ያደጉ። ቶኒ ጆ ዋይት ግን የሚዘፍነውን ኖሮታል። ጊታሩን በእግር በሚረገጥ ፔዳል ያስጮኸዋል። ለፔዳሉ ራሱ ያወጣለት ስም ነበር፣ «ዎምፐር ስቶምፐር»።

ዘፈን መጻፍ የጀመረበት ምክንያት ደስ ይለኛል። በ1967 ቦቢ ጄንትሪ የምትባል የሚሲሲፒ ሴት ልጅ ስለ ገጠር ቤተሰብ የዘፈነችውን «ኦድ ቱ ቢሊ ጆ»ን በሬዲዮ ሰማ። የተዘፈነው የራሱ ኑሮ ሆኖ አገኘው። እኔም የማውቀውን እጽፋለሁ አለ። ምን ያውቅ ነበር? ሁለት ነገር። አንደኛው ዝናብ ነው። ወጣት ሳለ ጆርጂያ ሄዶ ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። ዝናብ ከዘነበ ሥራ የለም፤ ቤቱ ተቀምጦ ጊታር ይመታል። «ሬይኒ ናይት ኢን ጆርጂያ» ከዚያ ወጣ። ሁለተኛው ደግሞ ቅጠል ነው።

ቅጠሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛም ዘመድ ነው። «ፖልክ ሳላድ» የሚባለው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ሜዳ ላይ ሳይዘራ የሚበቅል ተክል ነው። እዚያ «ፖክ» ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ አሜሪካና ነው። የኛ እንዶድ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል። ሁለቱ የአንድ ወገን ናቸው! እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት፣ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ውሃ ዳር የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየበት እንዶድ። የአሜሪካውም ዘመዱ መርዛም ነው። ድሃው የገጠር ሰው ግን ለጋውን ቅጠል ይቀነጥሰዋል፣ ይቀቅለዋል፣ ውሃውን ይደፋዋል፣ እንደገና ይቀቅለዋል። ከዚያ እንደ ጎመን ይበላዋል። ሌላ ከሌለ እሱ ነው እራት።

«ፖልክ ሳላድ አኒ» ይህን ቅጠል ለቅማ ቤተሰቧን የምታበላ ልጅ ታሪክ ነው። አባቷ ሰነፍ ነው፣ ወገቤን አመመኝ ይላል። እናቷ እስረኞች በሰንሰለት ታስረው ከሚሠሩበት ቦታ ነች። ዘፈኑ የሚጀምረው በወሬ ነው። ዋይት ጊታሩን ቀስ እያለ እየነካ፣ ደቡብን ለማያውቅ አድማጭ ተክሉ ምን እንደሆነ ያስረዳል። ማብራሪያ ነው እንግዲህ፣ በዘፈን ውስጥ። ከዚያ ምቱ ይገባል፣ እሱም በየመሃሉ «ኧህ» እያለ ይተነፍሳል። ያቺን ትንፋሽ አንዴ የሰማ አይረሳትም።

ሸክላው በ1968 ወጣ። ዘጠኝ ወር ያህል ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳና በ1969 ክረምት በአሜሪካ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ደረሰ። እስከ ዕለተ ሞቱ በገዛ ድምፁ ከዚያ በላይ አልወጣም። በሌሎች ድምፅ ግን ሄደ። ብሩክ ቤንተን በ1970 የዝናቡን ዘፈን 4ኛ አደረሰው። ኤልቪስ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ላስ ቬጋስ ውስጥ «ፖልክ ሳላድ አኒ»ን መዝፈን ጀመረ፣ ለዓመታትም አልተወውም። ቲና ተርነር በ1989 ባወጣችው «ፎሪን አፌር» አልበም ላይ የዋይት አራት ዘፈኖች አሉ። የአልበሙ ስም ራሱ ከእሱ ዘፈን የተወሰደ ነው። ጊታርና ሃርሞኒካም ተጫውቶላታል። መጀመሪያ ስትገናኘው ሳቋ አልቆም አላት፤ በድምፁ ጥቁር ነው ብላ ነበር የምታስበው። ዋይት ይህን ታሪክ ይወደው ነበር።

ታዲያ እሱ ለምን ተረሳ? የኔ ግምት ይሄ ነው። መደርደሪያ አልነበረውም። የገጠር ዘፈን ሬዲዮ ጣቢያዎች ጥቁር ጥቁር ሸተታቸው። የሶል ጣቢያዎች ደግሞ ነጭ ሆነባቸው። አውሮፓ፣ በተለይ ፈረንሳይ፣ ከአሜሪካ ቀድማ ወደደችው፤ «ሶል ፍራንሲስኮ» የሚለው ዘፈኑ እዚያ ነው መጀመሪያ የተሰማው። አገሩ ግን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ከ1983 እስከ 1991 አንድም አልበም አላወጣም። ስምንት ዓመት! ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ የሚኖር ዘፋኝ ምን ይበላል ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ወደ ሕጉ ደረስን።

አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ዜማውና ግጥሙ ነው፣ ማለትም የተጻፈው ነገር። ሌላው ቅጂው ነው፣ ማለትም አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ፤ «ማስተር» ይሉታል። ባለቤታቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል። የመጀመሪያው የደራሲው ነው፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሸክላ ኩባንያው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንዴ ለገበያ ከወጣ፣ ማንም ሰው እንደገና ሊዘፍነውና ሊያሳትመው ይችላል። ደራሲው እምቢ ማለት አይችልም። በተሸጠ ቁጥር ግን ሕግ የወሰነውን ክፍያ ያገኛል። ለረጅም ዘመን፣ ከ1909 እስከ 1977 ድረስ፣ ክፍያው በአንድ ቅጂ 2 ሳንቲም ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ሚሊዮን ሲሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ዘፈን በተለመደው ሬዲዮ ሲለቀቅ የሚከፈለው ለደራሲው ነው፣ ለዘፋኙ አይደለም። ብሩክ ቤንተን በሬዲዮ በዘፈነ ቁጥር ገንዘቡ ወደ ዋይት ቤት ይሄድ ነበር። ስሙ ተረስቶ ኑሮው ያልተናጋው በዚህ ነው። ደቃቁ ፊደል አብልቶታል።

ሳምፕል የሚባለው ግን የተለየ ነው። እዚያ ላይ ዘፈኑን እንደገና አትዘፍነውም፤ የድሮውን ቅጂ ራሱን ቆርጠህ አዲስ ሥራ ውስጥ ትጨምረዋለህ። በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር»ን ሲሠሩ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» እንዳስገቡት ማለት ነው። ለዚህ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የደራሲውም የቅጂው ባለቤትም። ስንት ወጣት ነው ሙላቱን በዚያ በር ገብቶ ያወቀው!

ዋይት ራሱም የገዛ ዘፈኖቹን እየፈታ ይሠራቸው ነበር። በ2006 «አንከቨርድ» ላይ ኤሪክ ክላፕተንን፣ ማርክ ኖፕፍለርንና ጄ ጄ ኬልን የመሰሉ ታዋቂ ጊታሪስቶች አብረውት ተጫወቱ። በ2008 ደግሞ ከልጁ ከጆዲ ጋር «ዲፕ ከትስ»ን አወጣ። የድሮ ዘፈኖቹ ናቸው፣ ግን ከሥር የሚደጋገም የዘመኑ የድራም ምት ገብቶባቸዋል። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው ያኔ። ወደ ድሮው መመለስ የሚፈልግ ሽማግሌ አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው፣ ቆይቶ ይጠቅመናል።

እሺ፣ አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። የሞተ ሰው እንዴት ከባንድ ጋር ይዘፍናል?

ጆዲ ዋይት የአባቱ ሥራ አስኪያጅም ነበር። ቤት ውስጥ የተቀዱ የቆዩ ቅጂዎችን ወደ ኮምፒውተር ሲያስተላልፍ፣ ያልወጡ ዘፈኖች አገኘ። አባቱ ብቻውን፣ በድምፁና በጊታሩ የቀዳቸው። ዴሞ ይባላሉ። ዴሞ ዘፈኑ እንዳይረሳ የሚቀዳ ማስታወሻ ነው፤ ለሰው ጆሮ ተብሎ አይሠራም። ጆዲ ዘጠኙን መርጦ ለዳን አወርባክ ሰጠው። አወርባክ ብላክ ኪስ የተባለው ባንድ ጊታሪስትና ዘፋኝ ነው፣ ናሽቪል ውስጥ ኢዚ አይ ሳውንድ የሚባል የራሱ ስቱዲዮ አለው።

ሥራው የሚቻል የሆነው ቅጂዎቹ ባለ ብዙ ትራክ ስለነበሩ ነው። ትራክ ማለት ለየብቻው የተቀዳ ድምፅ ነው። በወጥ አስቡት። ሁሉም አንድ ላይ የተቀዳ ድምፅ የበሰለ ወጥ ነው፤ ሽንኩርቱን ለብቻው ላውጣ ብትል አይሆንም። በትራክ የተቀዳ ግን ሽንኩርቱ በአንድ ሳህን፣ በርበሬው በሌላ፣ ቅቤው በሌላ እንደተቀመጠ ነው። ድምፁን ትተህ ሌላውን እንደገና ማብሰል ትችላለህ። (አሁን አሁን ማሽን ከበሰለ ወጥም ሽንኩርት ማውጣት ጀምሯል። ቢትልስ በ2023 «ናው ኤንድ ዜን»ን ያወጡት ጆን ሌነን ቤቱ ካሴት ላይ ከቀዳው ፒያኖና ድምፅ፣ ድምፁን በኮምፒውተር ለይተው ነው።)

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ሰዓት አይከተልም። ስሜቱ ሲነካ ይዘገያል። አንድ ቃል ላይ ይቆያል። መስመሩ ሳያልቅ ጊታሩን ይመታል። በተለምዶ ድራመሩ ምቱን ይይዛል፣ ዘፋኙ ይከተለዋል። እዚህ ግን ተገልብጧል። ዘፋኙ አንዴ ዘፍኖ ሄዷል፣ አይደግመውም። ባንዱ ነው እሱን መከተል ያለበት። የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚቸኩል ማጥናት አለባቸው። ሙታንን አዲስ ባንድ አልብሶ ማውጣት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁን ከሰዓት ጋር ለማስተካከል ይጎትቱታል፣ ይቆርጡታል፣ ሰውዬው ከውስጡ ይወጣል።

ይህን አልበም በጆሮ ማዳመጫ፣ ማታ፣ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ ስሙት። የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን። ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ጭስ፣ ናፍቆት፣ የራቀ ቤት። ያ ወፍራም ድምፅ ጆሮ ሥር ተቀምጦ የሚያወራ ይመስላል። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል። ስቲል ጊታሩ የሚገባው እሱ ሲጨርስ ነው፣ ንግግር እንደማያቋርጥ ጨዋ ሰው። ማንም ከእሱ ፊት አይቀድምም። የኤልቪስን «ፖልክ ሳላድ አኒ» ከዚህ ጋር አስተያዩት። ኤልቪስ ዘፈኑን ወስዶ የራሱ አደረገው፤ የናስ ትንፋሽ መሣሪያ ገባ፣ ፍጥነት ገባ፣ ዳንስ ገባ። ደስ ይላል። ግን ልጅቷ ከነቅጠሏ ጠፍታለች። አወርባክ ተቃራኒውን ነው ያደረገው። ሰውዬውን መሃል ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ቤት ሠራለት።

ሳይጠየቅ ተገቢ ነው ወይ የሚል ሰው ይኖራል። እኔም አስቤበታለሁ። ዋይት አልበሙን አይቶ «ይውጣ» አላለም። በበኩሌ የሚያሳምነኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅጂዎቹን ያወጣው ልጁ ነው፣ በሕይወት ሳለም አብሮት ሲሠራ የነበረ። ሁለተኛ፣ «ዲፕ ከትስ»ን አስታውሱ። ሰውዬው ራሱ የድሮ ዘፈኖቹን ለአዲስ ምት አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነበር። ዘፈኑ እንዲንቀሳቀስ ይፈልግ ነበር። የመጨረሻውን ዓመት እንኳ ዝም አላለም፤ በሴፕቴምበር 2018 «ባድ ማውዚን» የተባለ የብሉዝ አልበም አወጣ። ጊታሩና እሱ ብቻ የሚመስል፣ ልክ ያ የላይትኒን ሆፕኪንስ ሸክላ። ከአንድ ወር በኋላ ቤቱ፣ ቴነሲ ውስጥ፣ በ75 ዓመቱ ሞተ።

ልትጀምሩ ከፈለጋችሁ የኔ ምክር ከአዲሱ ወደ ድሮው መሄድ ነው። መጀመሪያ «ስሞክ ፍሮም ዘ ቺምኒ»። ድምፁን ከለመዳችሁ በኋላ የ1969ኙ «ብላክ ኤንድ ዋይት»፣ «ፖልክ ሳላድ አኒ» ያለበት። ከዚያ የዝናቡን ዘፈን በብሩክ ቤንተንም በእሱም ስሙት፣ አከታትላችሁ። ቤንተን በዝናቡ ያለቅሳል። ዋይት ግን ዝናቡን የሚያውቀው ሰው ነው፤ መኪናውን አቁሞ ቤቱ የገባ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላቆምም። አወርባክ ከጠራቸው ተጫዋቾች መካከል ድራመሩ ጂን ክሪስማንና ፒያኒስቱ ቦቢ ዉድ ይገኙበታል። ሁለቱም ወደ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ነበሩ። በ1969 ሜምፊስ ውስጥ ኤልቪስ «ሰስፒሸስ ማይንድስ»ን ሲቀዳ ከኋላው የነበሩት እነሱ ናቸው። ያ ዓመት «ፖልክ ሳላድ አኒ» ሰንጠረዥ የገባበት ዓመት ነው። በዓመቱ ኤልቪስ የዋይትን ዘፈን ወሰደ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እነዚያው ሁለት ሰዎች ከሙዚቃ መሣሪያቸው ፊት ተቀመጡ፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን አጠለቁ፣ የዋይትንም ትንፋሽ እየጠበቁ መጫወት ጀመሩ። የዘፋኙ ቦታ ባዶ ነበር።